የሼህ ሁሴን ጅብሪል ቃል የትኛው ነው? በከሚሴና በአካባቢዋ ስለሚነገረው የትንቢት ግጥም የቀረበ ሒስ

ባለቤቱ በሕይወት የሌለ፣ በራሱም እጅ ተጽፎ ያልቀረ ድርሰት ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ክርክር ማስነሣቱ አይቀርም። ይኸውም «ይህ ቃል በእውነት የእርሱ ነውን? ወይስ ሌላ ሰው በስሙ የጨመረው ነው?» የሚል ነው። በወሎ ምድር ይህ ጥያቄ በብርቱ የሚነሣው በ19ኛው ምዕተ ዓመት በነበሩት በሼህ ሁሴን ጅብሪል ስም በሚነገረው የትንቢት ግጥም ላይ ነው። ግጥሙ ቤት የሚመታ፣ በወሎ አማርኛ የተነገረ፣ የዐረብኛና የኦሮምኛ ቃላት የገቡበት ነው። የሚናገረውም ስለ ነገሥታት አነሣሥና አወዳደቅ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ረኀብና ስለ ጦርነት ነው። ዛሬ በቃልም ሆነ በኅትመት በሚገኝበት መልኩ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮትና ከዚያም ወዲህ እስካሉት መንግሥታት ድረስ ያለውን ነገር ሁሉ ይመለከታል ተብሎ ይተረጎማል።

ከሚሴ ይህን ክርክር ለመመርመር የምትመች ስፍራ ናት። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቦርከና በሚያጠጣው በጨፋ ሜዳ አጠገብ ትገኛለች። በዞኑም ውስጥ ዳዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሐረዋና ባቲ አሉ። ሕዝቡ በብዛት እስላም ሆኖ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል። ከከተማይቱ ባሻገር በተራራ ላይ በተሠራችው በሾንኬ መንደር ደግሞ አርጎቦች ይኖራሉ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አንድ ስንኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ከሰው ወደ ሰው ብቻ ሳይሆን ከቋንቋ ወደ ቋንቋም ይሻገራል። በተሻገረም ጊዜ ቤት መምቻው ይጠፋና ትርጓሜው ብቻ ይቀራል። ተመልሶ ወደ አማርኛ በገባ ጊዜም አዲስ ቤት መምቻ ሊያገኝ ይችላል።

ወዳጃ በሚደረግበት ቤት፣ ቡናው ፈልቶ ጫቱ ቀርቦ ዱዓው ከተደረገ በኋላ፣ ጨዋታ የዘመኑን ወሬ ያነሣል። ወሬው በተነሣ ጊዜ «ሼኹ እኮ ብለውት ነበር» የሚል አይታጣም፤ ስንኙንም ያሰማል። ያን ጊዜ ሌላው «ይህስ የእርሳቸው አይደለም፤ የትላንት ግጥም ነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ በሁለት ወገን የሚካሄድ ነው። አንደኛው ወገን በስማቸው የተነገረውን ሁሉ ይቀበላል፤ የወሊይ ከራማ በዘመን አይወሰንምና። ሁለተኛው ወገን ግን ከነገሩ መፈጸም በኋላ የተሰማውን ስንኝ ሁሉ ይጠራጠራል፤ ትንቢት ማለት አስቀድሞ የተነገረ ማለት ነውና። ሁለቱም ወገኖች ሼኹን ያከብራሉ። የሚለያዩት ክብራቸው በምን ይጠበቃል በሚለው ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቃላቸው እንዳይቀነስ ይሠጋሉ፤ ሁለተኛዎቹ በቃላቸው ላይ እንዳይጨመር ይሠጋሉ።

ይህን የመሰለ ክርክር በዓለም ውስጥ በሌላ መልክ ሲደረግ ለማየት የሚፈልግ ሰው በአሜሪካ አገር በሥዕል ታሪክ መጽሔቶችና በሲኒማ የታወቁትን ልዩ ኀይል ያላቸውን ጀግኖች ይመልከት። እነዚህ ጀግኖች አየር የሚቀዝፉ፣ ብረት የሚያጣምሙ፣ ከመብረቅ ይልቅ የሚፈጥኑ ሆነው የተፈጠሩ ናቸው። ታሪካቸውን ባለማቋረጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የጻፉት በርካታ ደራስያን ስለ ሆኑ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር በዝቶበታል። ስለዚህ አፍቃሪዎቻቸው «እውነተኛው ታሪክ የትኛው ነው?» እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። እውነተኛ ሆኖ የሚቈጠረውንም ክፍል ከቤተ ክርስቲያን በተወሰደ ቃል «ቀኖና» ይሉታል። ቃሉን ለእንዲህ ያለ ነገር በማዋል ረገድ የታወቀው ሮናልድ ኖክስ የተባለው እንግሊዛዊ ነው፤ እርሱም በ1911 እ.ኤ.አ. ስለ ሼርሎክ ሆምስ ታሪኮች ሲናገር እንደ ቅዱሳት መጻሕፍት በመመርመር ቀልዶበት ነበር። ቀልዱ ግን ውሎ አድሮ ቁም ነገር ሆነ።

በዚያ አገር ክርክሩ የሚቈረጥበት መንገድ ለወሎው ነገር ንጽጽር የሚሆን ነው። ሱፐርማን የተባለው ጀግና በ1938 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የፈጠሩት ሁለት ወጣቶች ባለመብትነታቸውን በ130 ዶላር ለአሳታሚው ሸጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጀግናው እውነትና ሐሰት የመወሰን ሥልጣን የደራስያኑ መሆኑ ቀርቶ የገዢው ሆነ። ፍላሽ የተባለው ጀግና በ1940 ከወጣ በኋላ ይኸው ቤት በ1956 በዚያው ስም ሌላ ሰው አወጣ። አንባብያን «ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ?» ብለው ቢጠይቁ፣ በ1961 ሁለት ምድሮች አሉ፣ አንዱ ጀግና በአንደኛዋ ሌላው በሁለተኛዋ ይኖራል የሚል ታሪክ ታተመ። ምድሮቹ እጅግ በበዙ ጊዜ ደግሞ ከ1985 እስከ 1986 በታተመ አንድ ተከታታይ ታሪክ ብዙዎቹ ምድሮች ጠፍተው አንድ ብቻ እንድትቀር ተደረገ። በ2011 እንደገና ሁሉም ከመጀመሪያ ተጀመረ። እንዲሁም ዲዝኒ የተባለው ኩባንያ የስታር ዋርስን ባለቤት ድርጅት በ2012 ከገዛ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 2014 ቀደም ሲል በመጻሕፍት ታትመው የነበሩት ብዙ ታሪኮች ከእንግዲህ አፈ ታሪክ ተብለው እንዲጠሩ፣ ቀኖና ግን እንዳይሆኑ ተወሰነ። ለዓመታት ያነበቧቸው ሰዎች ተቈጡ፤ ውሳኔው ግን ጸና።

ሌላው ልማዳቸው ደግሞ ለወሎ ሰው እንግዳ አይመስልም። የማርቭል መጽሔቶች አዘጋጅ የነበረው ስታን ሊ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በታሪኩ ውስጥ ስሕተት ያገኘና ስሕተቱ ስሕተት አለመሆኑን በብልኀት ያስረዳ አንባቢን በባዶ ፖስታ ይሸልም ነበር። በፖስታው ውስጥ ምንም የለም፤ የተሸለመው ነገር ማስታረቁ ራሱ ነው። በወዳጃ ቤትም አንድ ስንኝ ከሆነው ነገር ጋር አልገጥም ሲል፣ «ቀይ ያሉት ሰውዬውን ሳይሆን ባንዲራውን ነው» በሚል ዐይነት ትርጓሜ የሚያስታርቅ ሰው ምስጋና ያገኛል። በሁለቱም አገር ሰው የሚወደው ድርሰት ተሳሳተ እንዲባል አይፈቅድም።

ልዩነቱ ግን ከተመሳሳይነቱ ይበልጣል። የአሜሪካኑ ክርክር በመጨረሻ የሚዳኘው ባለንብረቱ በሚሰጠው ቃል ነው። በአገራችንም በ2018 እ.ኤ.አ. ኢታን ኮሚክስ ጀምበር የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና በሥዕል ታሪክ ሲያወጣ፣ ቀጥሎም በኦሮምኛ ስም ሐዊ የተባለችውን ጀግና ሲያሳትም፣ የጀግኖቹ ታሪክ የትኛው እንደ ሆነ የሚናገር ደራሲና አሳታሚ አለ። የሼህ ሁሴን ጅብሪልን ቃል ግን የገዛው የለም፤ የሸጠውም የለም። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ስንኝ የእርሳቸው ነው፣ ያ ግን አይደለም» ብሎ በዐዋጅ የሚቈርጥ ባለሥልጣን በከሚሴም በደሴም አይገኝም። ስለዚህ ክርክሩ የሚቈረጠው በማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ከሌለም ሳይቈረጥ ይኖራል።

ማስረጃን ስለ መመርመር ደግሞ አገሩ ድኻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን በኩል ቀኖና የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የቅዱሳት መጻሕፍትም ቍጥር 81 ነው ተብሎ ተወስኗል። ሆኖም ሊቃውንት 81ዱን ሲዘረዝሩ አቈጣጠራቸው ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም፤ ቍጥሩ ጸንቶ ዝርዝሩ ይለያያል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የተወሰነ ቀኖና ያለው ማኅበር እንኳ በድንበሩ ላይ ለውይይት ቦታ የሚተው መሆኑ ነው።

በእስልምና በኩል ያለው ዘዴ ግን ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የቀረበ ነው። የነቢዩ ሐዲስ ሲመዘን የሚጠየቀው ቃሉ ማማሩና ልብ መንካቱ ብቻ አይደለም። ማን ከማን ሰማው፣ ያኛውስ ከማን ተቀበለው፣ ሁለቱ በአንድ ዘመን ነበሩን፣ ተገናኝተዋልን፣ የማስታወስ ችሎታቸውስ እንዴት ነበር ተብሎ ሰንሰለቱ ቀለበት በቀለበት ይመረመራል። ቃሉም ሶሒሕ፣ ሐሰን፣ ደዒፍ፣ መውዱዕ እየተባለ በየደረጃው ይቀመጣል። በ870 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም ቡኻሪ የታወቁበት ሥራ ይኸው ነው። ይህን ትምህርት በወሎ የሚገኝ ደረሳ ያውቀዋል። የሚያስደንቀው ነገር፣ በሐዲስ ላይ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚያደርግ ሰው በሼኹ ትንቢት ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ተብሏል» በሚለው ቃል ብቻ መርካቱ ነው።

ደረጃ መስጠት ከመቀበልና ከመጣል የተለየ ሥራ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ደዒፍ የተባለ ሐዲስ ደካማ ማስረጃ ያለው ነው ማለት እንጂ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በወዳጃ ቤት የሚከራከሩት ሁለት ወገኖች የማይግባቡት ለነገሩ ሁለት ሣጥን ብቻ ስላበጁለት ነው፤ አንዱ የእውነት፣ ሌላው የሐሰት። ብዙው ስንኝ ግን ከሁለቱ በአንዱም በትክክል አይገባም።

የትንቢት ግጥም ከሌላው ድርሰት የበለጠ አስቸጋሪ የሚሆንበት ምክንያትም አለ። በሌላ ጽሑፍ ውስጥ ከደራሲው ዘመን በኋላ የመጣ ቃል ወይም ስም ቢገኝ፣ ጽሑፉ በኋላ የተሠራ ለመሆኑ ምልክት ይሆናል። ለምሳሌ ደርግ የሚለው ቃል ጥንታዊ የግዕዝ ቃል ቢሆንም የመንግሥት ስም የሆነው ከሰኔ 1966 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ተጻፈ የተባለ ደብዳቤ ይህን ቃል በዚህ ትርጕም ቢጠቅስ ደብዳቤው የሐሰት መሆኑን ማንም ይፈርዳል። በትንቢት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የማይታወቀውን ስም አስቀድሞ መጥራት የነቢይ ሥራ ነውና፣ የሐሰት ምልክት የነበረው ነገር የእውነት ምልክት ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ የቋንቋ ምርመራ ብቻውን አማኙን አያሳምነውም። ነገሥታቱ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው መባላቸውም የጥንትነት ማስረጃ አይሆንም፤ የኋላ ዘመን ገጣሚም እነዚህን ስሞች ያውቃቸዋልና።

ሁለተኛው ችግር አንድ ስንኝ ከአንድ ድርጊት ተነሥቶ ወደ ሌላው መሄድ መቻሉ ነው። ስለ ከብት ማለቅና ስለ ሰው መሰደድ የሚናገር አንድ ስንኝ አለ እንበል። ይህ ስንኝ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ለነበረው ክፉ ቀን ይስማማል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ለፈጀው ረኀብም ይስማማል። በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሺሕ ሰው በባቲ መጠለያ በተሰበሰበ ጊዜም ስለዚያ ተነገረ ቢባል የሚያስተባብል አይገኝም። ስንኙ ያው ነው፤ የተለወጠው የተጠቀሰበት ዓመት ነው። ሰሚው ግን በሦስተኛው ጊዜ ሲሰማው የመጀመሪያውን ስለማያውቅ ስንኙን አዲስና ድንቅ አድርጎ ይይዘዋል።

ሦስተኛው ችግር ትንቢት ድርጊትን መከተል ብቻ ሳይሆን መምራትም የሚችል መሆኑ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሐዊ ንጉሥ እንደሚነሣ ተጽፎ ነበር። ደጃዝማች ካሣ ኀይሉም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ያንን ስም መርጠው ተጠሩበት። በዚህ ጊዜ ጽሑፉ ቀደመ፣ ስሙም ተከተለ። ትንቢቱ እውነት ሆነ ማለት ይቻላል፤ ንጉሡ ትንቢቱን እውነት አደረጉት ማለትም ይቻላል። ነገር ግን መጽሐፉ ከንጉሡ በፊት መኖሩ ስለሚታወቅ ስለዚህ ነገር በማስተዋል መነጋገር ይቻላል። በሼህ ሁሴን ጅብሪል ስም ለሚነገረው ግጥም የጐደለው ይህን የመሰለ ቀድሞ የተመዘገበ ምስክር ነው።

በዚሁ አካባቢ ከነበሩት ከሌሎች ሊቃውንት ድርሰት ጋር ሲነጻጸር ጕድለቱ ጐልቶ ይታያል። የአርጎባው ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ የመጣውን የሃይማኖት ግዴታ በመቃወም የታወቁት፣ በአማርኛ የደረሱት መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። በ1937 እ.ኤ.አ. ያረፉት የሾንኬው ሼህ ጀውሀር ሐይደርም ታሪካቸው በፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ተመርምሮ በ2004 እ.ኤ.አ. ለኅትመት በቅቷል። በእነዚህ ሰዎች ድርሰት ላይ ክርክር ቢነሣ ብራናውንና ወረቀቱን አውጥቶ ማስተያየት ይቻላል። አንዱ ቅጂ ያለውን ሌላው ቢያጐድል፣ የትኛው እንደሚቀድም በቀለሙ፣ በወረቀቱና በጸሓፊው እጅ መገመት ይቻላል። የሼህ ሁሴን ጅብሪል ቃል ግን በብዛት የኖረው በሰው ልቡና ውስጥ ነው። የሰው ልቡና ደግሞ የማይረባውን እየጣለ የሚረባውን የሚያስቀር ወንፊት ነው።

የወንፊቱ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም መመርመሪያ ይሰጣል። ማናቸውም ነቢይ ብዙ ቃል ይናገራል፤ ከተናገረውም ውስጥ የደረሰ አለ፣ ገና ያልደረሰ አለ፣ ጊዜው ያለፈበትና ሳይደርስ የቀረም ይኖራል። ከደረሰው ቃል በቀር ሌላ የማይገኝበት ስብስብ ቢቀርብ፣ ያ ስብስብ ነገሩ ካለፈ በኋላ ተመርጦ የተዘጋጀ ወይም የተገጠመ መሆኑ ያስጠረጥራል። ሳይደርስ የቀረ፣ ማንም ትርጓሜ ሊያበጅለት ያልቻለ፣ ለሰሚው ጥቅም የሌለው ስንኝ ግን ማን ይጨምረዋል? በሐሰት የሚገጥም ሰው የሚገጥመው እንዲታመን ነውና፣ የማይታመን ትንቢት አይገጥምም። ስለዚህ ሽማግሌዎች «ፍችውን አናውቀውም፣ ግን እንዲህ ይባል ነበር» እያሉ የሚያቈዩአቸው ጨለማ ስንኞች ከሁሉ ይልቅ የጥንትነት ተስፋ ያላቸው ናቸው። በክርክሩ ጊዜ ማንም የማይጠቅሳቸው እነዚህ ሲሆኑ፣ መጀመሪያ መመዝገብ የሚገባቸውም እነዚሁ ነበሩ።

ከዚህ አንጻር በመጽሐፍ የታተመው ስብስብ ሊመዘን ይገባል። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላ ስለ ነገሥታትና ስለ መንግሥታት የሚናገር ግጥም ያለ ሥጋት መታተም ቻለ። ትንቢቱም በመጽሐፍ መልክ በገበያ ላይ ዋለ። ይህ ሥራ ምስጋና ይገባዋል፤ በሽማግሌዎች ሞት ሊጠፋ የነበረ ብዙ ስንኝ አድኗልና። በክልሉ ገጠርና በአዲስ አበባ ያለው አንባቢም የወሎን አማርኛ ጣዕም እንዲያውቅ አድርጓል።

ነገር ግን ኅትመቱ ከጥቅሙ ጋር ጕዳትም አምጥቷል። ስንኞቹ ብዙ ጊዜ በነገሥታቱ ተራ እየተደረደሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አንድ ወጥ ድርሰት ይነበባሉ። እያንዳንዱን ስንኝ ማን እንደ ተናገረው፣ የት መንደርና በየትኛው ዓመት እንደ ተሰማ ለመረዳት አንባቢው ቢሻ በቂ ምልክት አያገኝም። ስለዚህ ከዐፄ ምኒልክ በፊት የተነገረ ሊሆን የሚችለውና ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተገጠመ ሊሆን የሚችለው በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን በእኩል ክብር ተቀምጠዋል። ከዚህም በላይ መጽሐፉ ወደ መንደር ተመልሶ ገባ። ከመጽሐፍ የተጠና ስንኝ በወዳጃ ቤት ሲባል «ከአባቴ የሰማሁት ነው» የሚል ሰው ይገኛል፤ ይህን የሚለው ለመዋሸት ሳይሆን፣ አባቱ ያሉትን የሚመስል ነገር ስላነበበ ነው። ኅትመቱ ቃልን ካተመ በኋላ ምስክሩን ስለሚያደበላልቅ፣ ከዚያ ወዲህ የሚሰበሰብ ስንኝ ሁሉ ከመጽሐፍ ይሁን ከቃል ለመለየት ከባድ ሆኗል። በካሴትና በእጅ ስልክ የሚተላለፈው ደግሞ የተናጋሪውን ስም እንኳ ሳይዝ የሚዞር ነው።

ለሁሉ ተቀባዮች ወገን የሚሟገት ሰው በዚህ ላይ ጠንካራ መልስ አለው። የሼኹ ስም ከአንድ ሰው ስም በላይ የአንድ የአነጋገር ዘይቤ ስም ሆኗል፤ ወሎዬ በገዢዎች ላይ ያለውን ፍርድ በግልጽ መናገር በማይችልበት ዘመን በእርሳቸው ስም ተናገረ፤ ስለዚህ በኋላ የተጨመረውም ቢሆን የሕዝቡ ቃል ስለ ሆነ ሊጣል አይገባም ይላል። ይህ መልስ ግማሹ እውነት ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከተሻሩና የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ጦር በጥቅምት ወር ሰገሌ ላይ ከተሸነፈ በኋላ፣ የወሎ ሰው ኀዘኑን በዐደባባይ ለመግለጥ የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነበር። በነቢይ ስም የተነገረ ስንኝ ግን ተናጋሪውን አያስጠይቅም፤ የተናገሩት በመቃብር ያሉ ሼህ ናቸውና። እንዲህ ያለ ስንኝ ከትንቢትነቱ ይልቅ በሒስነቱ ከፍ ያለ ዋጋ አለው።

ሆኖም ይህን ዋጋ ለማግኘት ስንኙ በራሱ ዘመን መቀመጥ አለበት። በ1909 ዓ.ም. የተገጠመን የኀዘን ስንኝ ወስዶ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ላይ ማስቀመጥ፣ ያን ጊዜ ያዘነውን ሰው ድምፅ መቅማት ነው። የገጠመው ስሙ ያልታወቀ ደረሳ ወይም እረኛ ወይም ዱበርቲ ይሆናል፤ በድፍረት የተናገረውም የነገውን በማወቁ ሳይሆን የዛሬውን በማየቱ ነው። ሁሉን ለሼኹ የሚሰጥ ሰው ለሼኹ ያልሆነ ክብር ሲጨምርላቸው፣ ከሌላው ገጣሚ ግን ያለውን ክብር ይወስዳል። እንዲሁም የተጨመረውን ሁሉ የሚጥለው ተጠራጣሪ ወገን፣ የሼኹን ስም ሲያጠራ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ከቆሻሻው ጋር ይደፋዋል። ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት ይህን ገጣሚ ነው።

ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ክርክር ብቻ አለመሆኑን የዚያ አገር ሰው ያውቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በጅሌ ጥሙጋና በአጣዬ አካባቢ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው አለቀ፤ ቤትም ተቃጠለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከሚሴ ወረደ። ለዘመናት በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ በጋብቻ የተሳሰሩ ኦሮሞና አማራ፣ አርጎባም፣ በእንዲህ ያለ ቀን ጎረቤታቸውን በፍርሀት የሚያዩ ሆኑ። ፍርሀት ባለበት ሰዓት «እገሌ እገሌን ያጠፋል፣ ይህም አስቀድሞ ተጽፏል» የሚል ስንኝ ቢሰማ፣ ግጥምነቱ ቀርቶ ፈቃድ ይሆናል። ትንቢት ነው የተባለ ነገር ሊከለከል እንደማይችል ሆኖ ይታያልና፣ ሽማግሌ ለማስታረቅ ያለውን ወኔ ይሰብራል። ያን ጊዜ «ይህን ስንኝ ከማን ሰማኸው? እርሱስ ከማን ሰማው? ከዚህ ወር በፊት የሰማው ሰው አለን?» ብሎ መጠየቅ የሊቅ ጨዋታ መሆኑ ይቀርና የሰላም ሥራ ይሆናል። ጥያቄውም ከውጭ የመጣ ሳይሆን በየመድረሳው የሚማሩት ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚሰበስብ ሰው ማድረግ የሚገባው ሥራ ግልጥ ነው። ከእያንዳንዱ ስንኝ ጋር የተናጋሪውን ዕድሜና መንደር፣ ከማን እንደ ተቀበለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በምን ድርጊት ወቅት እንደ ሆነ፣ መጽሐፉን አንብቦ ወይም ሲነበብ ሰምቶ እንደ ሆነም ይጻፍ። በኦሮምኛ የተነገረለትን ፍች በኦሮምኛው እንዳለ ይመዝግብ። ፍች የጠፋላቸውን ስንኞች ከማይረቡ አይቍጠራቸው። በየቤቱ ባለ አሮጌ ኪታብ ኅዳግ ላይ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ቢያገኝ፣ የጥንቱን ምስክር ከሌላ ስፍራ ይልቅ በዚያ የማግኘት ተስፋ አለና በጥንቃቄ ያስተያየው። ከዚያ በኋላ ስንኞቹን በደረጃ ያስቀምጣቸው፤ ከድርጊቱ በፊት መነገሩ የተመሰከረለትን በአንድ ወገን፣ ምስክሩ ደካማ የሆነውን በሌላ ወገን፣ ከድርጊቱ በኋላ መገጠሙ የታወቀውን ደግሞ ከነዘመኑ በሦስተኛ ወገን።

ይህ ሲደረግ የሼህ ሁሴን ጅብሪል ድርሻ ዛሬ ከሚባለው ያነሰ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። ያነሰው ግን በእርግጥ የእርሳቸው ነው ሊባል የሚችል ይሆናል፤ የቀረውም ባለቤት አልባ ሆኖ አይጣልም፤ ለወሎ ገጣሚዎች ይመለሳል። በአሜሪካ ያለው ክርክር ባለንብረቱ በተለወጠ ቍጥር እንደገና ይጀመራል፤ ሥልጣኑ ከንብረቱ ጋር የሚሸጥ ነውና። በከሚሴ የሚደረገው ግን የሚሸጥ ነገር የሌለበት ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ በቅን ምስክር የተመዘነ ስንኝ በዚያው ሚዛን ለመጽናት ይችላል። ምስክሮቹ ግን የሸመገሉ ሰዎች ናቸው፤ ቍጥራቸውም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል።